ማኅደራችን በሁለት ሰርቨር መካከል ቀርቷል፦ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና ወዳጆች፣

አባላት በኢሜይል የሚጻጻፉበትን ዝርዝራችንን ወደ አዲስ ሰርቨር እያዛወርን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት የጀመርነው የማኅደሩ፣ ማለትም የቀድሞ ደብዳቤዎቹ ክምችት፣ ዝውውር ግን መሃል ላይ ተቋርጧል። የአዲሱ ሰርቨር ዲስክ ሞላ፣ የመረጃ ቋቱም መጻፍ አቆመ። እስኪነጋ ታግለን ወደ አሮጌው ሰርቨር ተመለስን። ዛሬ ደብዳቤ እየደረሳችሁ ያለው በአሮጌው ነው፤ የእሱ ኪራይ ደግሞ በዚህ ወር መጨረሻ ያበቃል። ኪራዩን ለማራዘምም ሆነ የአዲሱን ዲስክ ለማስፋት በሒሳባችን ያለው ገንዘብ አይበቃም። የመጀመሪያው ዙር መዋጮ ከታሰበው ግማሽ ያህሉ ላይ ደርሶ ቆሟል። ባለፈው ጥሪያችን «ሁለተኛ አናስቸግራችሁም» ብለን ነበርና ይህን መጻፍ ለኮሚቴው ከባድ ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ ስም በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በአባልነት ደብዳቤያችሁ ግርጌ አለ። የክፍያ ምክንያት በሚለው ቦታ «ለሰርቨር» ብላችሁ ጻፉ።

«የሚሠራውን ነገር ለምን ትነካላችሁ?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዝርዝራችንን እስካሁን ያገለገለው ደብዳቤ ለአባላት የሚያከፋፍለው ፕሮግራም፣ ሜይልማን 2.1 ነው፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የተጻፈው ፓይተን 2 በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሲሆን፣ የፓይተን 2 ድጋፍ ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2020 ጀምሮ ቆሟል። የሰርቨር ሥርዓተ ክወና የሆነው ዴቢያን 11 ሲወጣ ሜይልማን 2 ከውስጡ ወጥቷል። ስለዚህ እሱን ይዞ ለመቆየት የደኅንነት ጥገና የማይደርሰው አሮጌ ሥርዓት ላይ መቀመጥ ግድ ነው፤ የእናንተ ስምና አድራሻ ያለውም እዚያው ላይ ነው። በየወሩ መጀመሪያ የይለፍ ቃላችሁን በግልጽ ጽፎ ይልክላችሁ የነበረው መልእክትስ ትዝ ይላችኋል? ሜይልማን 2 የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር ስለሚያስቀምጥ ነው። ሰርቨሩ ውስጥ የገባ ሰው የሁላችሁንም ያነባል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የደብዳቤዎቹ መጥፋት ነው። ያሁ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 የዲማርክ ደንቡን (ደብዳቤው በእርግጥ ከተጻፈበት አድራሻ መምጣቱ የሚጣራበትን) ሲያጠብቅ፣ በእሱ አድራሻ የሚጽፉ አባላት ደብዳቤ በዝርዝሩ አልፎ ሲሄድ በተቀባዮቹ ሰርቨር ይመለስ ጀመር። ሜይልማን ደግሞ ደብዳቤ ሲመለስ ጥፋቱን በተቀባዩ ላይ ይቆጥራል፤ ነጥቡ 5 ሲደርስ ለዚያ ሰው መላክ ያቆማል። ምንም ያላጠፉ አባላት «ለምን አስወጣችሁኝ?» ብለው ያዘኑብን በዚያ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዳቸውን በእጃችን መልሰናል። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ወዲህ ጂሜይልና ያሁ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጡ መዝገቦችን ከሁሉም ላኪ ይጠይቃሉ። እነዚህን በአዲሱ ሰርቨር ላይ አስተካክለን ጨርሰናል፤ የሙከራ ደብዳቤዎቻችንም ያለ ችግር ገብተዋል። ይህ ትንሽ ሥራ አይደለም። ለአዲሱ ሰርቨር የተሰጠን የኢንተርኔት አድራሻ ቀድሞ አይፈለጌ መልእክት ይልክበት የነበረ ሆኖ በጥቁር መዝገብ ላይ አግኝተነው ነበር። ለማስፋቅ ሳምንታት ደጅ ጠንተናል።

አሁን ስለ ወጪው። «ትልቅ ሰርቨር ተከራይታችሁ ገንዘቡን ጨረሳችሁ» የሚል ቅሬታ ሰምተናል። አሮጌው ሜይልማን ፋይሎች ላይ ብቻ ይሠራ ስለነበር ትንሽ ማሽን ይበቃው ነበር። አሁን የምንዛወርበት ሜይልማን 3 ግን አንድ ፕሮግራም አይደለም፤ ደብዳቤውን የሚያከፋፍለው ዋናው ክፍል፣ ዝርዝሩን የምናስተዳድርበት ፖስቶሪየስ፣ ማኅደሩን የሚያሳየው ሃይፐርኪቲ፣ ከነሱም ሥር የመረጃ ቋት አለ። ሁሉም ሜሞሪ ይፈልጋሉ። ሁለት ሰርቨር ጎን ለጎን የተከራየነውም ዝውውሩ ሲከሽፍ የምንመለስበት እንዳናጣ ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ ያተረፈን እሱ ነው። ከኮሚቴው አባላት አንድም ሰው አልተከፈለውም። ከውጭ የከፈልነው ለአንድ ባለሙያ ብቻ ነው፤ የተከፈለውም የማኅደሩን ፋይሎች ላጸዳበት ነው። አሮጌው ፋይል አንድ ደብዳቤ ሲያልቅ ሌላው መጀመሩን የሚለየው «ፍሮም» በሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በሚጀምር መስመር ነው። አንድ ጸሐፊ አንቀጹን በዚያው ቃል ከጀመረ አንዱ ደብዳቤ ለሁለት ይቆረጣል፤ ሁለተኛው ቁራጭ ላኪም ቀንም የሌለው ይሆናል። በፕሮግራም የተስተካከለው ተስተካክሎ የቀረውን ባለሙያው አንድ በአንድ አይቶታል። ደረሰኙን ማየት የሚፈልግ አባል ሒሳብ ሹሙን ይጠይቅ፤ ይታያል።

ስሕተታችንንም አንደብቅም። ዲስኩን ስናሰላ የደብዳቤዎቹንና የአባሪዎቹን ልክ ይዘን ነበር፤ የፍለጋ ማውጫው የሚይዘውን ቦታ ግን አሳንሰን ገመትን። ማውጫው ሲሠራ ቦታው አለቀ።

የአባላት ዝርዝርና የዝርዝሩ ደንቦች ተሻግረዋል፤ ተረጋግጠዋልም። የቀረው ማኅደሩ ነው። ለእኛ ግን ማኅደሩ ከሁሉም ይበልጣል። ማኅበሩ ሲመሠረት የተጻጻፍነው፣ የተጣላንበትና የታረቅንበት፣ በሐዘን ጊዜ የተጽናናንበት ቃል እዚያ ነው። ከጸሐፊዎቹ አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ልጆቻቸው የወላጆቻቸውን ደብዳቤ ፈልገው ጽፈውልናል፤ አግኝተን ልከንላቸዋል። ይህ የተቀበልነው አደራ ነው፤ አደራ ደግሞ በፈጣሪም በሰውም ፊት ያስጠይቃል። የድሮዎቹ ገጾች አድራሻም እንዳይጠፋ የቀድሞውን ማኅደር እንዳለ አጠገቡ ልናኖረው ወስነናል፤ ይህም ቦታ ይፈልጋል።

የምንለምናችሁ ለሰፋ ዲስክ፣ ለአሮጌው ሰርቨር የሁለት ወር ኪራይና በሌላ ቦታ ለሚቀመጥ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ከዚህ ውጭ ለምንም አይውልም። ቀደም ብላችሁ የሰጣችሁ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዳግመኛ የምንጠይቃችሁ በሐፍረት ነው። ቃል ገብታችሁ ያልላካችሁ ግን እባካችሁ በዚህ ሳምንት ፈጽሙልን። መስጠት የማትችሉም፣ ከአሮጌ ዓመታት የቀሩ ደብዳቤዎች በመልእክት ሳጥናችሁ ካሉ አታጥፏቸው፤ የጎደለውን የምንሞላው በነሱ ነው።

በድጋሚ፦ በማኅበሩ ስም ባለው ሒሳብ ብቻ፣ ቁጥሩ በአባልነት ደብዳቤያችሁ ግርጌ ያለው፣ ምክንያቱ «ለሰርቨር»። በግለሰብ ስም የተከፈተ ሒሳብ የሚልክላችሁ ማንም ቢሆን ከእኛ አይደለም፤ የኮሚቴ አባል ነኝ ቢልም አትክፈሉ። ከከፈላችሁ በኋላ የደረሰኙን ፎቶ ለሒሳብ ሹሙ ላኩ፤ ያለ ስም የገባ ገንዘብ ባለፈው ዙር ከማን እንደሆነ ሳናውቅ ቀርቷል። የወሩ መጨረሻ ከማለፉ በፊት እንዲደርሰን፣ አደራ።

የዝውውሩ ኮሚቴ