ዘይኔ፣ አንድ ፈቃድ ፈልጌ ነው

ጥቅምት 2018 ዓ.ም.
ዳላስ አጠገብ፣ ቴክሳስ

ዘይኔ፣

እንዴት ነሽልኝ? አባባ ይማም እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? ጠፋሁ፤ አውቃለሁ። ስድቡን ሁሉ አጠራቅመሽ እንደምትጠብቂኝም አውቃለሁ። ደሴ የተያዘች ሰሞን በየሌሊቱ ስንደዋወል ከርመን፣ ያ ጭንቅ ሲያልፍ እኔም አብሬ ጠፋሁ። ሰበብ ልደረድርልሽ ነበር፤ ሥራ፣ ልጅ፣ የሰዓት ልዩነት ምናምን። ተይው፣ አፉ በይኝ። አሁንም ናፍቆት ብቻ ነው ያስጻፈኝ ብልሽ አታምኚኝም፤ ጉዳይ አለኝ። "ሲቸግራት ነው የምታስታውሰኝ" በይ እንግዲህ፣ ደስ ይበልሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሶልያና አራተኛ ክፍል ገብታለች። (አዎ፣ ያቺ በቪዲዮ ምላሷን ታወጣብሽ የነበረችው።) ትምህርት ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ክፍሏ ግድግዳ ላይ አሥርቱ ትእዛዛት ተሰቀለ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እንዳይመስልሽ፤ የመንግሥት ነው። ቴክሳስ ሕግ አውጥታ፣ አገረ ገዢው ግሬግ አቦት ሰኔ ላይ ፈርመውበት፣ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በየክፍሉ ይሰቀል ተባለ። መጠኑ ሳይቀር በሕግ ተወስኗል፤ ከ16 በ20 ኢንች እንዳያንስ፣ ደህና ዓይን ያለው ሰው ከየትኛውም ጥግ ሆኖ እንዲያነበው፣ ቃሉም ሕጉ ላይ ከሰፈረው ዝንፍ እንዳይል። ትምህርት ቤቱ ከኪሱ እንዲገዛ አይገደድም፤ ሰው ፖስተሩን ከለገሰው ግን መስቀል ግዴታው ነው። የኛዎቹን አንድ ቤተ ክርስቲያን በካርቶን አምጥቶላቸው ነው አሉ።

ካሳሁን ደስታውን አልቻለውም። "አትግደል፣ አትስረቅ ቢባሉ ምናቸው ይጎዳል?" አለኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ለጊዜው መልስ አጣሁ። አንቺም ብትሆኚ ታጪ ነበር፤ አንገትሽን አትነቅንቂ። እሱ መቼ እንደዞረ ታውቂያለሽ። ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃው ንግድ፣ ያስወጣ ጊዜ ስንቱ ሐበሻ ነው በንዴት ወደ ሪፐብሊካን የሄደው። የሌላው ንዴት ሲበርድ እሱ እዚያው ቀረ። አሁን መኪና ውስጥ የሚያዳምጠው ሁሉ የእነሱን ነው። ስለ ፅንስ ማቋረጥ ካነሳን እራት አይበላም፤ ስለዚህ አናነሳም፣ እራቱም ይበላል።

ከዚያ አንድ ቀን ማታ ልጅቷ ሥዕለ አድኅኖው ፊት ቆማ አየኋት። እመቤታችን ናት፣ ያቺ እናቴ የላከችልኝ። ልትጸልይ መስሎኝ ዝም አልኩ። ዞር ብላ፣ "ማሚ፣ ይሄ ግሬቭን ኢሜጅ ነው?" አለችኝ። ክፍሏ ውስጥ ያለች አንዲት የባፕቲስት ልጅ ፖስተሩ ሥር ወስዳ በጣቷ እየጠቆመች አስነብባታለች፤ "የተቀረጸ ምስል ለራስህ አታድርግ" የሚለውን። እናንተ ቤት ሥዕል ስላለ እግዚአብሔር ይቆጣል ብላታለች። በክፋት አይደለም መቼም፤ ልጅቷም ተጨንቃላት ነው።

ካሳሁንን ብታዪው! ሶፋው ላይ አስቀምጦ ስለ ጣዖትና ስለ ቅዱስ ሥዕል ልዩነት ማስረዳት ጀመረ። ዘጸአት 25ን አወጣ፤ እግዚአብሔር ራሱ ለታቦቱ ኪሩቤልን ከወርቅ ሥሩ ማለቱን አነበበላት። አዳመጠችው፣ አዳመጠችውና፣ "ታዲያ ይሄኛው ለምን ፖስተሩ ላይ የለም?" አለችው። ወላሂ ዘይኔ፣ (አዎ፣ አሁንም ከአፌ አልጠፋም) ሳቄን ለመደበቅ ወጥ ቤት ገባሁ።

ልጅቷ ግን ነገሩን ጨርሳዋለች። ፖስተሩ ላይ ያለው የማን ንባብ ነው? ሕጉ ያዘዘው የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶችን አሮጌ ትርጉም አሳጥሮ ነው፤ ኦስቲን፣ የቴክሳስ ምክር ቤት ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ ከቆመው ድንጋይ ጋር አንድ ነው። ካቶሊኩ ሌላ ዓይነት ይቆጥራል፣ አይሁዱ ሌላ ዓይነት። ፖስተሩ ላይ ቁጥር አልተጻፈም እንጂ ትእዛዛቱን አንድ በአንድ ብትቆጥሪ ከአሥር ይበልጣሉ። ሰንበትን አክብር ይላል፤ የእኛ ቤት ቅዳሜንም እሑድንም ያከብራል፣ እነሱ እሑድን ብቻ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የባልንጀራህን ሚስት፣ ሎሌውን፣ ገረዱን፣ ከብቱን አትመኝ ይላል፤ ሚስትን ከከብት ጋር አንድ ረድፍ አስቀምጦ። ሶልያና "አታመንዝር" የሚለውን ምን እንደሆነ መምህሯን ጠይቃ፣ "ቤት ሄደሽ ጠይቂ" ተብላ መጣች። እሱን ለአባቷ መራሁት።

ሐሜት ከወደድሽ ደግሞ አንድ ልጨምርልሽ። ትምህርት ቤቶቹን ስቀሉ እያለ የሚያሳድደው የቴክሳስ ዋና ዓቃቤ ሕግ ኬን ፓክስተን ነው። ባለቤቱ፣ እሷም የዚሁ የቴክሳስ ሴናተር ናት፣ ሐምሌ ላይ "በመጽሐፍ ቅዱሳዊ ምክንያት" ብላ ፍቺ ጠየቀች። ራሷ ለሕዝብ ያወጣችው ስለሆነ ሐሜትም አይባል።

ሕጉን ፍርድ ቤት የወሰዱት ደግሞ ካሳሁን እንደሚለው "እግዜር የለሾች" ብቻ አይደሉም። ራቢ አለችበት፣ ክርስቲያን አለበት፣ ሂንዱ አለበት፣ ሃይማኖት የሌለውም አለበት። ኦገስት ላይ ሳን አንቶኒዮ ያሉት ዳኛ ፍሬድ ቢሪ የከሳሾቹ ልጆች የሚማሩባቸውን 11 የትምህርት ወረዳዎች እንዳይሰቅሉ አገዱ። ውሳኔያቸውን ምን ብለው እንደጨረሱት ታውቂያለሽ? ያመነም ያላመነም ይታረቅ ብለው፣ "አሜን"። የፌደራል ዳኛ! የእኛ ወረዳ ግን ከ11ዱ ውስጥ የለም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ኬንታኪ እንዲህ ዓይነት ሕግ አውጥታ እ.ኤ.አ. በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሽሮባታል። የተለወጠው ነፋሱ ነው። በ2022 ጨዋታ ሲያልቅ ሜዳ መሃል ተንበርክኮ ይጸልይ ለነበረ የአሜሪካን ፉትቦል አሠልጣኝ ያው ፍርድ ቤት ፈረደለት፤ ከዚያ በኋላ ሉዊዚያና በ2024፣ አሁን ቴክሳስ። እያወቁ ነው የሚያወጡት፤ እንዲከሰሱና እላይ እንዲደርስላቸው። ሐምሌ ላይ ደግሞ የታክስ መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ቴክሳስ ለቀረበ ክስ መልስ ሲሰጥ፣ ፓስተር በአምልኮ ላይ ለምእመኑ ስለ ተወዳዳሪ ቢናገር ሕግ መጣስ አይደለም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የነበረ ክልከላ ነበር፣ ያውም በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው የቴክሳሱ ሊንደን ጆንሰን ያስገባው። በሚቀጥለው ምርጫ የእኛ ዐውደ ምሕረት ላይ ማን እንደሚቆም እንጃ።

እና እኔን ምን አገባኝ? እኔ ጾሜን የምጾም፣ ቅዳሴ የማላስታጉል ሰው ነኝ። "አንቺ ክርስቲያን ሆነሽ!" ይለኛል። ክርስቲያን ስለሆንኩ አይደል የሚያመኝ። ከአሥርቱ ትእዛዛት ሁለት ምዕራፍ ወረድ ብሎ፣ እናንተም በግብፅ ስደተኞች ነበራችሁና ስደተኛውን አትበድሉ የሚል አለ። እሱን የሚሰቅል የለም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገብቶ ስደተኛ መያዝን የሚገድበው መመሪያ ትራምፕ እንደገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ተሽሯል፤ እኛ ደብር ቅዳሴ መምጣት ያቆሙ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውን አልጽፍልሽም። ትእዛዙ ግድግዳ ላይ ወጣ፣ ሰዎቹ ከቅዳሴ ቀሩ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ይሄን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል፣ ግን ማወቅ አለብሽ። ከዳላስ ሰሜን ምሥራቅ የፕላኖ ሙስሊሞች 400 ኤከር ገደማ መሬት ላይ ቤት፣ መስጊድና ትምህርት ቤት ሊሠሩ አሰቡ። አገረ ገዢው ሸሪዓ ሊመጣ ነው ብለው የክልሉን መሥሪያ ቤቶች አዘመቱባቸው። የፌደራሉ ፍትሕ ሚኒስቴርም መርምሮ ሰኔ ላይ ማንንም ሳይከስ ዘጋው። ግን ወሬው ቀረ። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አንዷ፣ "እንግዲህ ቴክሳስም ሸሪዓ ሊገዛት ነው" አለች። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። እኔ፣ "የወንድሜ ሠርግ ላይ የሙስሊሙን በሬ ያረዱት የዘይነባ አጎት ናቸው፤ ሁለት ድስት ተጥዶ ሁሉም ከየድስቱ በልቶ፣ ጭፈራው ላይ ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር" አልኳቸው። አዩኝ። "እሱ ወሎ ነው" አለችኝ ሴትየዋ፣ እንደ በሽታ።

አውቃለሁ፣ አሁን ትስቂብኛለሽ። "ወሎን አታቆንጂው" ትያለሽ። ባለፈው ዓመት አክሱም ላይ ሒጃብ ያደረጉ ልጆች ለፈተና እንዳይመዘገቡ መከልከላቸውን ታነሺብኛለሽ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን እያለ። ልክ ነሽ። ግን እኔን የያዘኝ የወሎ ማማር አይደለም፤ ቦሩ ሜዳ ነው። አባባ ይማም በረንዳው ላይ የነገሩን። ያኔ አልቅሰሽ ነበር፣ እኔ ደግሞ ምን እንደሚያስለቅስሽ አልገባኝም ነበር።

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የወሎ ሙስሊም ይጠመቅ ሲሉ የወሎው ገዢ መሐመድ አሊ፣ ሚካኤል ተባሉ፤ ትልልቁ ስሙን ለውጦ ሹመቱን ያዘ፣ እነ ሼህ ጠልሃ እምቢ ብለው ተነሡ፣ የቀረው ደግሞ ሁለት ስም ያዘ። ያንቺ ቅድመ አያት። ቀን ወልደ ሚካኤል፣ ማታ ሰይድ። ማዕተቡን ማታ ከአንገቱ አውልቆ ምሰሶው ላይ ይሰቅላል፣ ሰግዶ ይተኛል፣ ጠዋት ከደጅ ሳይወጣ መልሶ ያጠልቀዋል። አባባ ይማም ምሰሶው ላይ የነበረችውን ሚስማር ሳይቀር በጣታቸው እያሳዩ ነበር የነገሩን፣ ቤቱ ፈርሶ ስንት ዘመኑ! ያን ያደረገው ንጉሥ ደግሞ ክርስትናን የሚጠላ አልነበረም፤ የእኔን ሃይማኖት ከልቡ የሚወድ ሰው ነበር። እዚህ ያሉት፣ "መንግሥት ሃይማኖትን ቢወድ ምን ክፋት አለው?" ሲሉኝ የምሰጣቸው መልስ ይሄ ብቻ ነው የመጣልኝ።

ፈቃዱም ይሄ ነው። ሌላም ሕግ አለ፤ የየወረዳው የትምህርት ቦርድ በየቀኑ የጸሎትና የመጽሐፍ ቅዱስ ወይም የሌላ ሃይማኖት መጽሐፍ ማንበቢያ ሰዓት ይኑረን ወይስ አይኑረን ብሎ እስከ ማርች 1 ቀን 2026 ድምፅ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ወላጅ ልጁን ለማስገባት ይፈርማል፤ ፊርማው ላይ ደግሞ በዚህ ጉዳይ አልከስም የሚል አለበት። በውዴታ ነው ይሉሻል። ሃያ ልጅ ተነሥቶ ሲሄድ ወንበሩ ላይ የምትቀር አንዲት የሙስሊም ልጅ ምን ዓይነት ውዴታ እንዳላት አንቺ ታውቂያለሽ። የእኛ ቦርድ ሕዝብ ሊሰማ ስብሰባ ይጠራል። ለመናገር ተመዝግቤያለሁ። ሰዓት ይዘው ነው የሚያናግሩት፣ ስትጨርሺ ደወል ይደወላል፣ እንግሊዝኛዬም ስደነግጥ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ።

ሕግ ማውራት አልችልም፤ ያንን ጠበቆቹ ያውሩት። ከእኔ ጎን የሚቆሙት ነጮችም አንዳንዴ ያሳፍሩኛል፤ የሚያምን ሰው ሁሉ ሞኝ የሚመስላቸው አሉ፤ ማዕተቤን ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። እነሱንም ካሳሁንንም አንድ ላይ የሚያናግርልኝ ወሬ ያው የምሰሶው ነው። ግን የእኔ አይደለም፣ የእናንተ ነው። ያዳቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም ብለሽ ታውቂያለሽ፤ አንዴ ካወራሁት በቪዲዮ ይቀረጻል፣ ይዞራል፣ የእኛ ሰው ደግሞ "አፄ ዮሐንስን ሰደበች" ወይም "እስላም ሆነች" ይላል። ለእኔስ ግድ የለም፤ ደሴ ላይ ለእናንተ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም።

ስለዚህ አባባ ይማምን ጠይቂልኝ። ጆሯቸው ከከበደ ጮኽ ብለሽ። ትርሲት ለፈረንጅ ልትነግረው ነው በያቸው፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው፣ አልቀየምም፣ ሌላ ነገር እፈልጋለሁ። እሺ ካሉ ደግሞ ስማቸውን ልጥራ አልጥራ፣ የቅድመ አያትሽንስ ሁለቱንም ስም ልናገር ወይስ አንዱን፣ እሱንም አብረሽ ጠይቂ። በቴሌግራም በድምፅ ላኪልኝ፣ የሳቸውን ድምፅ ቅጂልኝ፤ የአንቺን ስድብ ለብቻው ላኪው፣ ካሳሁን ፊት እንዳልከፍተው።

እሱ ይሄን ደብዳቤ መጻፌን አያውቅም። ሰላም ብሎሻል ብዬ ልዋሽ ነበር፤ ተውኩት።

ያንቺው
ትርሲት