ለደንበኞቻችን፦ የልጁ ፊት ጠቁሮ የሚወጣው ለምንድን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ባንኮኒያችን ላይ በየቀኑ የሚደጋገም አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ስልክ ይወጣል፤ የልጅ ፎቶ ይታያል፤ ቀጥሎ «እባክህ ፊቱን ትንሽ ቀላ አድርገህ እጠብልኝ» ይባላል። ድሮ እሺ እንል ነበር። ካለፈው መስከረም ወዲህ ግን እሺ ማለት ትተናል፤ በዚህም አንዳንዶቻችሁ ተቀይማችሁናል። ብትቀየሙም አይፈረድባችሁም፤ ሰልፉ በረዘመበት ሰዓት «አንሠራም» ብለን ከመመለስ በቀር ምክንያቱን ቁጭ ብለን አላስረዳናችሁም።

ከምታመጡልን ፎቶዎች በአብዛኞቹ ላይ ልጁ የጠቆረው ጠይም ስለሆነ አይደለም፤ ብርሃኑ ከጀርባው ስለሆነ ነው። ስልክ ብርሃንን የሚመዝነው ፊቱ የተደቀነውን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ ነው። ከልጁ ኋላ የተከፈተ መስኮት ወይም ፀሐይ የወረደበት ግቢ ካለ «ይህስ በጣም በርቷል» ይልና ሁሉንም ያጨልመዋል። ግቢው አምሮ ይወጣል፤ ፊቱ ከሰል ይሆናል። ያንን ፊት በኮምፒውተር በግድ ስናበራው ደግሞ ጥላ ውስጥ የተቀረጸው ነገር ጥቂት ስለሆነ አመድ የነሰነሱበት ይመስላል። ጠይሙ ልጅ ግራጫ ሆኖ ይወጣል እንጂ ቀይ አይሆንም። ይህን ሠርተን ገንዘብ ስንቀበል ኖረናል።

ባለፈው ጥር መጋላ ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ቤት የሁለት ዓመት ልጅ ልደት ልናነሳ ተጠርተን ነበር። እናትየው ልጅቱን ቡፌው አጠገብ፣ በቴሌቪዥኑና በፕላስቲክ አበባው መካከል አስቀምጣ፣ አምፖሉን አብርታ ጠበቀችን። ግድግዳው አረንጓዴ ነበርና የልጅቱ ግራ ጉንጭ አረንጓዴ መስሏል፤ አምፖሉ ከአናቷ በላይ ስለሆነ ከቅንድቧ በታች ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። አምፖሉን አጠፋነው። «ኧረ ጨለመ!» አለች እናትየው። ልጅቱን ብድግ አድርገን ከግቢው በር አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ምንጣፍ ላይ አስቀመጥናት፤ ፊቷን ወደ ውጭ አዞርነው። ግቢው ሲሚንቶ ነው፤ የጠዋቱን ፀሐይ ተቀብሎ፣ አለስልሶ ወደ ቤት ይመልሳል። በአንድ በኩል የቀረውን ጥላ ለማብራት የብርሃን መመለሻችንን ከቦርሳ ስንፈልግ አያትየው ነጠላቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ወጠሩትና «ይኼ አይሆንም ልጄ?» አሉ። ከእኛው ዕቃ የተሻለ ሆነ። ለልጅቱ አንድ ጣሳ ቆርኪ ሰጥተናት ስለነበር ወደ ካሜራው ቀና ያለችው አንዴ ብቻ ነው። ያ ፎቶ በቤተሰቡ ፈቃድ ሱቃችን ውስጥ ከመስታወቱ በላይ ተሰቅሏል፤ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በሁለቱ ዓይኖቿ ውስጥ የበሩ ቅርጽ ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል። ጠይም ናት፤ በፎቶውም ጠይም ናት፤ ፊቷ ግን በርቷል።

ስለዚህ ቤታችሁ ውስጥ ከመብራት ይልቅ በር ፈልጉ። ልጁ ከደፉ ትንሽ ወደ ውስጥ፣ ቀጥታ ፀሐይ የማይነካው ቦታ ላይ ይሁን፤ እናንተ በሩን ሳትጋርዱ ከውጭ በኩል ተቀመጡ። ከኋላው ያለው ቤት ከበሩ በራቀ መጠን ስለሚጨልም የተዘበራረቀው ዕቃ ሁሉ ራሱን ይደብቃል፤ ለዚህ ተብሎ ቤት ማጽዳት አያስፈልግም። አምፖሉን አጥፉ፤ ቢጫ አምፖልና የቀን ብርሃን አንድ ፊት ላይ ሲገናኙ ግማሹን ብርቱካናማ፣ ግማሹን ሰማያዊ ያደርጉታል፤ ያንን መለየት ለእኛም አድካሚ ነው። በበሩ ፀሐይ ቀጥታ የሚገባ ከሆነ ስስ ነጭ መጋረጃ ወይም የወባ አጎበር ጋርዱበት።

ግቢያችሁን በሰማያዊ ሸራ የጋረዳችሁ ደግሞ ልጁን ከሥሩ አታስቀምጡት። ጥላው ለእኛ ለድሬዎች በረከት ነው፤ ለፎቶ ግን ከሸራው ሥር የተቀመጠ ልጅ ሁሉ የታመመ ይመስላል። በአንድ ወር ውስጥ ስንት ሰማያዊ ሕፃን እንዳጠብን ብንነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ሰዓቱም ነገር አለው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት ወዲህ ያለው ብርሃን ዘንበል ብሎ ስለሚመጣ ፊት ላይ ያርፋል። እኩለ ቀን ላይ ሜዳ ላይ አታንሱ። በተለይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ፀሐይዋ በከተማችን ልክ አናት ላይ ስለምትውል ግንባርና አፍንጫ ያበራሉ፤ ዓይን ግን ጉድጓድ ውስጥ ይቀራል። ሕፃኑም በዚያ ሙቀት አይስቅላችሁም።

መብራት በጠፋ ማታ የስልክ ባትሪ ፊቱ ላይ አትደግኑበት። ባትሪውን ወደ ነጭ ግድግዳ አዙሩት፤ ልጁ ከግድግዳው የሚመለሰውን ብርሃን ይቀበል። ብርሃኑ ደከመ ካላችሁ ሌላ ባትሪ ከመፈለጋችሁ በፊት ወደ ግድግዳው ጠጋ በሉ፤ ከአንድ ትንሽ መብራት ርቀታችን በእጥፍ ሲጨምር የሚደርሰን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳልና። መብራት ኖሮም ፎቶው ላይ የጠቆሩ መስመሮች ከተጋደሙበት ስልኩ አልተበላሸም። የኤሌክትሪክ ኃይላችን በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ አንዳንድ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ስልኩ ፈጠን ብሎ ሲያነሳ ያንን ይይዘዋል። የመዝጊያውን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ራሳችሁ መምረጥ የምትችሉ ከሆነ 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉት።

ስለ ስልኩ አጭር ነገር እንበል። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፤ «ጭጋግ አለበት» ተብሎ ከሚመጣልን ፎቶ ብዙው ሳምቡሳ የበላ ጣት ያረፈበት ነው። በስክሪኑ ላይ የልጁን ፊት በጣታችሁ ንኩና ብርሃኑ በፊቱ ልክ እንዲመዘን አድርጉ። መሬት ላይ ቁጭ በሉ፤ ልጅ ከላይ ሲነሳ ጭንቅላቱ ይተልቃል፣ እግሩ ያንሳል። በጣም ተጠግታችሁ ካነሳችሁ ደግሞ አፍንጫው ይገዝፋልና ትንሽ ራቅ ብላችሁ በኋላ ዙሪያውን ቁረጡት።

ማስተካከልን በተመለከተ እንደ ስናፕሲድ ያለ በነፃ የሚገኝ መተግበሪያ ለቤት ይበቃል። በመጀመሪያ ቀለሙን አስተካክሉ። ፎቶው ውስጥ ነጭ መሆኑን የምታውቁትን ነገር፣ ነጠላም ይሁን የትምህርት ቤት ሸሚዝ፣ ነጭ እስኪመስል አምጡት፤ የልጁ መልክ አብሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቀጥሎ ጥላውን በጥቂቱ አንሱ፤ ዓይኑ ሲታይ እዚያው አቁሙ። ቆዳ የሚያለሰልሰውን ግን አትንኩ። የሦስት ዓመት ልጅ ቆዳ ምኑ ይለሰልሳል?

እኛም ባንኮኒው ላይ የምንሠራው ይህንኑ ነው። የአፍንጫ ፈሳሽ ሳትነግሩን እናጠፋለን፤ ጠባሳ ግን ካልጠየቃችሁን አንነካም፤ የወደቀበትን ቀን የምታስታውሱበት ሊሆን ይችላል። መልክ አናቀላም። ይህ አቋም የመጣው ከሙያችን ታሪክም ጭምር ነው። በፊልም ዘመን የኮዳክ ኩባንያ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው የቀለም መለኪያ ሸርሊ ካርድ ይባል ነበር፤ ካርዱ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። ማሽኑ የእርሷ ቆዳ ትክክል እስኪመጣ ይስተካከላል፤ የቀረነው እንደ ዕድላችን እንወጣለን። የተለያየ መልክ ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። የእናቶቻችን የሠርግ ፎቶ ላይ ጥርስና ቬሎ ብቻ የሚታየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ መለኪያው በእጃችን ሆኖ ሳለ ያንኑ ስህተት በልጆቻችሁ ላይ መድገም አልፈለግንም።

ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኩልን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲላክ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙ ጎኑ ወደ 1280 ፒክሰል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ይወርዳል። ለአልበም የሚሆነው 10 በ15 ሴንቲሜትር በዚህም እንደ ምንም ይወጣል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው 20 በ30 ግን በጥሩ ጥራት ለመውጣት 2400 በ3600 ፒክሰል ያህል ይፈልጋል። «ስልኬ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል» የሚለው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ የስልክ ስክሪን ትንሽ ነው፣ ሁሉንም ያሳምራል።

በመጨረሻም ያለብንን ዕዳ እንንገራችሁ። ከመስከረም በፊት አቅልተን ያጠብንላችሁ የልጅ ፎቶ ካለና ዋናው ስልካችሁ ውስጥ ከተገኘ ይዛችሁት ኑ። በልጁ በራሱ መልክ አስተካክለን በዚያው መጠን ያለ ክፍያ እናጥብላችኋለን። አሮጌውን አንቀበላችሁም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። በሙቀቱ ምክንያት ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ስለምንዘጋ በዚያ መካከል አትልፉ።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶ ቤቱ ባለቤትና ሠራተኞች
ከዚራ፣ ድሬዳዋ