ይለፍ ቃል አልሠራ ሲል በሩን ከፍቶ መሄድ ይቅር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ለሱቅ፣ ለፋርማሲና ለክሊኒክ ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) የሚተክሉ ልጆች በዝተዋል። ደስ ይላል። ግን አንድ ልማድ በጣም ያሳስበኛል። ፖስትግሬስ የሚባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር ተጠቃሚውን አላስገባ ሲል ማን በምን መንገድ እንደሚገባ የሚወስነውን ፒጂ ኤችቢኤ (pg_hba.conf) የሚባለውን ፋይል ይከፍቱና «ትረስት» (trust፣ «እመነው» እንደ ማለት) ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። በቃ፣ ሠራ! እንዲህ ሲሆን ግን ያ መስመር የሚመለከተው ሰው ሁሉ ያለ ይለፍ ቃል ይገባል፤ የታካሚ መረጃ ባለበት ማሽን ላይ ይህን ማድረግ ነውር ነው።

ችግሩ እኮ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ሲስተም ላይ ፖስትግሬስ ከኡቡንቱ ከራሱ የሶፍትዌር ማከማቻ ሲጫን፣ እዚያው ማሽን ላይ ሆኖ በኔትወርክ አድራሻ ሳይሆን በቀጥታ (በ«local» መስመር) ለሚገባ ሰው የተቀመጠው መንገድ «ፒር» (peer) ነው። ፒር ይለፍ ቃል ጭራሽ አይጠይቅም፤ የሊኑክሱና የዳታቤዙ ተጠቃሚ ስም መግጠሙን ብቻ ያያል፣ ስለዚህ ይለፍ ቃሉን ደጋግሞ መቀየር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። መስመሩን ይለፍ ቃል ወደሚጠይቀው ወደ «ስክራም ሻ 256» (scram-sha-256) ቀይሩት። ፋይሉ ከላይ ወደ ታች ነው የሚነበበው፤ መጀመሪያ የገጠመው መስመር ይወስናል፣ ከታች ያለው አይታይም። ከዚያ ፖስትግሬስ ለውጡን እንዲያነበው ሪሎድ ማድረግ አትርሱ። በድሮው የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ዘዴ በኤምዲ5 (MD5) የተቀመጠ ይለፍ ቃል ካለም እንደ አዲስ መሰጠት አለበት። ያልገባበት ትክክለኛ ምክንያት ደግሞ የሰርቨሩ ሎግ (የክስተት መዝገብ) ላይ ተጽፏል፣ እሱን አንብቡ።

የሱቅና የክሊኒክ ባለቤቶች፣ ሒሳቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሆን ብላችሁ የተሳሳተ ይለፍ ቃል አስሞክሩ። ከገባ ሥራው አላለቀም።

ከደሴ፣ አንባቢያችሁ