የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ከበቆሎ አገዳ ስኳር

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን አንድ ጥያቄ ይዞ ሠርቷል፤ ይኸውም የበቆሎ አገዳን አድቅቆ በመፍጨት ብቻ ከውስጡ የሚወጣውን ስኳር መጨመር ይቻላል ወይ የሚል ነበር። «ገለባ የሚወቅጥ ክበብ» የሚለው አስተያየት ከመምህራን ክፍል ጭምር ስለደረሰኝ፣ የተወቀጠው ለምን እንደሆነ ማስረዳት ግድ ይለኛል።

ከደረቅ አገዳ ክብደት ሲሶ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ እንደ ስታርች ሁሉ የግሉኮስ ሰንሰለት ቢሆንም የግሉኮሶቹ አያያዝ ስለሚለይ፣ የእህልን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው የብቅል ኢንዛይም አይፈታውም፤ ሴሉሌዝ የተባለ ሌላ ኢንዛይም ይፈልጋል። ይህም ቢሆን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን በተባሉ ሌሎች የአገዳው ክፍሎች ተሸፍነው ስለሚገኙ በቀላሉ አይደርስባቸውም። መፍጨት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ኢንዛይሙ የሚያርፍበትን ገጽ ያሰፋል፣ ሲበረታም የሰንሰለቶቹን ጥብቅ ድርድር ያላላል።

የክበቡ ምርጫ፣ ሳምንታዊ ስብሰባዎችና የሰንደቅ ዓላማ ቀን ዐውደ ርእይ እንደ ወትሮው ተከናውነዋል። ከዓመቱ ሁሉ በልቤ የቀረው ግን ኅዳር ላይ በአዲስ አበባ መንገድ ወደ መራዊ ያደረግነው ጉዞ ነው። በቆሎው ተሸልቅቆ አገዳው ማሳ ላይ ተከምሮ ነበር። ማሳቸውን ያስጎበኙን እናት «ልጆቼ፣ ይኼን ትርፍ ነው ያላችሁ ማን ነው? ለከብቱ መኖ፣ ለምድጃው ማገዶ፣ ለጓሮው አጥር እኮ ነው» ሲሏቸው ተማሪዎቹ ማስታወሻቸውን አወጡ። በዚህ መካከል በስብሰባ ላይ እምብዛም የማትናገር አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ ገና ካልደረቀ አገዳ ሥሩን ልጣ እያኘከች ቆየችና «መምህር፣ አገዳው ራሱ ይጣፍጣል እኮ! ታዲያ ቤኔዲክቱ ቀለሙን ሲቀይር ስኳሩ ከሴሉሎሱ መምጣቱን በምን እናውቃለን?» አለችኝ፤ ቤኔዲክት ስኳር መኖሩን በቀለም ለውጥ የሚያሳይ ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። አገዳ ያላኘከ የአካባቢያችን ልጅ የለም፤ ከማኘኩ ተነሥቶ እንዲህ የሚጠይቅ ግን ስንት ነው? የሙከራችን አካሄድ የተቀረጸው በዚህ ጥያቄ ነው።

በገጀራ የተከተፈውንም፣ በሙቀጫ ተወቅጦ በወንፊት የተነፋውንም አገዳ፣ እጣቢው የቤኔዲክትን ሰማያዊ ቀለም መለወጥ እስኪያቆም ድረስ በሙቅ ውሃ ደጋግመን አጠብን። ከዚያም እኩል መዝነን፣ ሴሉሌዝ ጨምረን፣ ኢንዛይም ከሌለበት ማነጻጸሪያ ጋር በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውሃ ውስጥ አሳደርናቸው። በማግስቱ ስንፈትሽ ኢንዛይም ያልገባበት ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ፣ ክትፉ ወደ አረንጓዴ አደላ፣ ዱቄቱ ግን ብርቱካናማ ሆነ። ጠያቂዋ ተማሪ የሙከራ ቱቦዎቹን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ደጋግማ አስተያየቻቸው። ቀለም የስኳሩን መጠን በግምት እንጂ በትክክል አይናገርም፤ አገዳን እጅግ ማድቀቅም ብዙ ኃይል ይፈጃል፤ ተማሪዎቹ ሁለቱንም በሪፖርታቸው አስፍረዋል።

መብራት በመጥፋቱ ውሃው ቀዝቅዞ የተበላሹብን ሙከራዎች አሉ። ወፍጮ ቤቶችም ዱቄታችን ገለባ ገለባ ይላል በማለት አገዳችንን አልተቀበሉንም፤ እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ ለክበቡ የተመደበው በጀት ለአንድ ጠርሙስ ቤኔዲክት እንኳ ሳይበቃ ተማሪዎች ከኪሳቸው ማዋጣታቸው ሊያሳስበን ይገባል።

በመጪው ዓመት የፎገራን የሩዝ ገለባ ለመሞከር አቅደናል፤ የሩዝ ገለባ ሲሊካ ስለሚበዛበት የወፍጮን ምላጭ ቶሎ ይበላል። ስለዚህ በሚሽከረከር በርሜል ውስጥ በብረት ኳሶች የሚያደቅ ወፍጮ ለመሥራት አስበናል። ጋራዥና ብየዳ ቤት ያላችሁ ወላጆች ያገለገሉ የኩሽኔታ ኳሶች፣ የወፍራም ብረት ቁራጭ ወይም አነስተኛ ሞተር ብትለግሱን ለላቦራቶሪው ኃላፊ ማስረከብ ትችላላችሁ፤ በገንዘብ ለምትረዱን ደግሞ ቅድሚያ የምንገዛው ሙቀቱን ጠብቆ የሚያቆይ የውሃ ማሞቂያና ግራም የሚለካ ሚዛን ነው።