ልጆቻችሁ አጥንት የሚሰበስቡት ለምንድን ነው?

ለ7ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን አንዳንዶቻችሁ ደውላችሁ ነበር። «ልጄ አጥንት አጥቦ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ ለትምህርት ነው ይለኛል፤ እውነት ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። አዎ፣ እውነት ነው። ምክንያቱን ደግሞ በደንብ ላስረዳችሁ።

ልጆቹ በማኅበራዊ ሳይንስ ስለ ድንጋይ ዘመን የማዕድን ቁፋሮ እየተማሩ ነው። የያዙት ቦታ ግራይምስ ግሬቭስ ይባላል፤ የሚገኘው በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርፎክ ውስጥ ነው። ከ4,500 ዓመት በፊት ገደማ ሰዎች እዚያ ከ400 በላይ ጉድጓዶች ቆፍረዋል። ጥልቆቹ ወደ 12 ሜትር ይወርዳሉ። የሚፈልጉት ለመጥረቢያና ለመቁረጫ የሚሆን ባልጩት (በእንግሊዝኛ ፍሊንት የሚባለው ድንጋይ) ነበር። ወደ ታች ሲወርዱ ሌላ የባልጩት ንብርብርም ያገኛሉ፤ ግን እሱን አልፈው ይቀጥላሉ። ምርጡ ጥቁር ባልጩት ከሥር ነው ያለው።

ብረት አልነበራቸውም። ዶማቸው የዋላ ቀንድ ነበር።

እኛ አገር ያለው አጋዘን ቀንዱ አይረግፍም። የአውሮፓው ቀይ ዋላ ግን በየዓመቱ ብርዱ ሲያበቃ ቀንዱን ይጥልና አዲስ ያበቅላል። ከተገኙት ዶማዎች አብዛኞቹ እንዲህ የረገፉ ቀንዶች ናቸው። ስለዚህ ቆፋሪዎቹ ዋላው የት እንደሚውል፣ ቀንዱንም መቼ እንደሚጥል ማወቅ ነበረባቸው። ቢዘገዩ ዋላዎቹ ራሳቸው የወደቀውን ቀንድ ያኝኩታል። ይህን ያህል የሚያውቅና የሚያቅድ ሰው «ኋላ ቀር» ሲባል እኔ በጣም ይከፋኛል። ልጆቻችን እንዲህ ብለው እንዲያድጉ አልፈልግም።

አሠራሩ ደግሞ ይገርማል። የቀንዱን ሌሎች ቅርንጫፎች ቆርጠው ይጥላሉ፤ ከሥሩ ያለችውን አንዷን ብቻ ያስቀራሉ። ግንዱ እጀታ ይሆናል። የቅርንጫፏን ጫፍ አለቱ ስንጥቅ ውስጥ ይሰኩና ጀርባውን በድንጋይ ይመቱታል። ከዚያ እጀታውን ስበው አለቱን ይፈነቅሉታል። አለቱ ለስላሳ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፍበት ጠመኔ ዓይነት።

ልጆቹን ዝም ያሰኛቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ዊልያም ግሪንዌል የሚባል ቄስ በ1870 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጣሪያው ተደርምሶ የተዘጋ አንድ የመሬት ውስጥ መተላለፊያ አስከፈተ። ውስጡ ቆፋሪዎቹ ጥለዋቸው የሄዱ የቀንድ ዶማዎች ነበሩ። ዶማው በደረቀ ነጭ አቧራ ተሸፍኗል፤ አቧራው ላይ የያዘው ሰው የጣቶቹ አሻራ ቀርቷል። ክፍል ውስጥ ይህን ስንናገር አንድም ልጅ አልተንቀሳቀሰም።

በፎቶ ብቻ እንዲያበቃ አልፈለግንም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በግቢያችን ለስላሳ የኖራ ድንጋይ አዘጋጅተን ልጆቹ ራሳቸው ይሞክሩታል። የዋላ ቀንድ ስለሌለን በበሬና በበግ ቀንድ እንሠራለን። በሌሎች የእንግሊዝ የባልጩት ጉድጓዶች የከብት ትከሻ አጥንት እንደ አካፋ አገልግሏል፤ እሱንም እንሞክራለን። ልጆቹ አጥንት የሚሰበስቡት ለዚህ ነው።

ስለዚህ የምትልኩት አጥንትና ቀንድ በደንብ የተቀቀለና የደረቀ ይሁን። ሰፊውን የትከሻ አጥንት ሰፈራችሁ ካለ ልኳንዳ ቤት ብትጠይቁ አይከለክሏችሁም። የዱር እንስሳ ቀንድ ግን፣ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቢሆንም፣ እባካችሁ አትላኩ፤ ማንም ልጅ ለዚህ ብሎ እንዲገዛ አንፈልግም። ልጆቹ አሮጌ ልብስና ጓንት ይዘው ይምጡ። የዓይን መከላከያ መነጽር ትምህርት ቤቱ ያቀርባል። ባልጩት ግን ስብርባሪው እንደ መስታወት ስለሚቆርጥ ልጆች አይሰብሩም።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ መልካ ቁንጡሬ ልንወስዳቸው አስበናል። በ2024 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ የአዋሽ ዳር ስፍራ ከአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። እዚያ አካባቢ የእኛው ጥቁር ባልጩት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የተገኘው መስታወት መሰል ድንጋይ (ኦብሲዲያን)፣ መሬት ላይ ተበትኖ ይታያል፤ የእኛ ጥንታውያን 12 ሜትር መውረድ አላስፈለጋቸውም። ልጆቹ ሁለቱን ቢያነጻጽሩ ደስ ይለኛል። የፈቃድ ቅጹን ለየብቻ እንልካለን።

ቅዳሜ ጊዜ ያላችሁ ወላጆች መጥታችሁ ብታግዙን በጣም ደስ ይለናል፤ በተለይ ግንበኛ ወይም አናጢ የሆናችሁ። እስከ ሐሙስ ለክፍል ኃላፊው መምህር አሳውቁን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር