የቃኘው ድንጋያችን ተጠርቦ አልቋል

ውድ የማኅበራችን አባላት፣

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በሰፈራችን መግቢያ የምናቆመው፣ ወደ ኮሪያ ጦርነት የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ጦር መታሰቢያ ድንጋይ ተጠርቦ አልቋል። ትናንት ሄጄ አየሁት። ፊደሉ ጠልቆ ተቀርጿል፤ ጣቴን በ«ቃ» ላይ ሳሳልፍ የድንጋዩ ዱቄት ነጭ አድርጎ አወጣው። ልጆች ስሙን ሲጠይቋችሁ «ቃኘው» ከራስ መኮንን የፈረስ ስም ከአባ ቃኘው የተወሰደ መሆኑን ንገሯቸው።

በጽሑፉ ላይ የተነሳውን ክርክር አልረሳሁም። አንዳንዶቻችሁ ጦርነቶቹ ሁሉ ይዘርዘሩ ብላችሁ ነበር። እኔ ግን አንድ ነገር በጉልህ ይቀመጥ ባይ ነኝ። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ መዝመት የጀመሩት እግረኛ ወታደሮቻችን ከ120 በላይ ጓዶቻቸውን አጥተዋል፤ ነገር ግን አንድም ሰው አልተማረከባቸውም፤ የወደቀ ጓዳቸውንም በጠላት መሐል ጥለው አልመጡም። በደቡብ ኮሪያ ቡሳን ከተማ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የእኛ ሰው መቃብር የለም። አጽማቸው ተመልሶ እዚሁ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ከሜዳልያው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል!

ኮሪያውያን በቹንቾን ከተማ በ1960 ዓ.ም. ሐውልት አቁመውላቸዋል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በምረቃው ተገኝተዋል። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ ሰፈራችን ላይ ይህችን ድንጋይ ማቆም አያቅተንም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንገናኝ። ወጣቶች አካፋና ዶማ ይዛችሁ ኑ፤ ድንጋዩ ከባድ ነው። በሕይወት ላሉት አባቶቻችን ወንበርና ጥላ ከእድራችን መጋዘን እናወጣለን።