«ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው» ስለሚባለው የልጆች ፎር ዊለር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጋዜጣችሁን ከእንጀራ መደብሩ በር ላይ አነሳለሁ። ፖለቲካውን ዘልዬ መጀመሪያ የማነበው የመጨረሻውን ገጽ ነው። የሚሸጠውም፣ የሚከራየውም፣ ደባል ፈላጊውም እዚያ ነው ያለው። ሰሞኑን አንድ ዓይነት ማስታወቂያ በዝቶብኛል። «የልጆች ፎር ዊለር፣ በጣም ንጹህ፣ ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው።» ፎር ዊለር የምንለው እንደ ሞተር ሳይክል ተቀምጠው የሚነዱት ባለ አራት ጎማው ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለዚህ «ባትሪ ብቻ» ስለሚባለው ነገር ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ሜካኒክ ነኝ። አዲስ አበባ እያለሁ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ እየለቀምኩ ቬስፓም፣ ሞተር ሳይክልም፣ በኋላ በኋላ ባጃጅም ስጠግን ነው የኖርኩት። አሁን ጋርላንድ፣ ቴክሳስ ከልጄ ጋር ነኝ። የልጅ ልጄ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አባቱ ለገና ባለ 110 ሲሲ ፎር ዊለር በኢንተርኔት አዘዘለት። እሱን ስነካካ ያየ ለሌላው አወራ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ አበሻ በየጋራዡ ጥግ አቧራ የጠጣውን ሁሉ በፒክአፕ እየጫነ ይመጣል። «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ።» ምን ይደረግ፣ አያለሁ።

ወደ እኔ የሚመጡት ሌላ ቦታ ስለማይሠራላቸው ነው። ብዙ የሞተር ጥገና ሱቆች ርካሹን የቻይና ሞተር አይነኩም። እኔ አልፈርድባቸውም። ከሺህ ዶላር በታች ለተገዛ ዕቃ የሁለት ቀን የእጅ ዋጋ ቢጠይቁ ማን ይከፍላቸዋል? ባለቤቱም ተስፋ ይቆርጥና «ባትሪ ብቻ» ብሎ ለእናንተ ማስታወቂያ ይልካል።

አንባቢ እንዲያውቅልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ሞተሮች ርካሽ የሆኑት የመጨረሻው ሥራ ሳይሠራ ስለሚሸጡ ነው። በካርቶን የመጣው ዕቃ አላለቀም። መሪውን፣ ጎማውን፣ ባትሪውን ገጥማችሁ ስትጨርሱ የጨረሳችሁ ይመስላችኋል። ገና ነው። እያንዳንዱ ብሎንና ዳዶ በሰው እጅ መታየት አለበት። ውድ የሆኑትን ይህን የሚያደርግላችሁ ሻጩ ነው። ርካሹን ግን እናንተ ናችሁ የምታደርጉት።

ቅርብ ጊዜ አንድ ወጣት አባት እንደተለመደው «ባትሪ ቀይርልኝ» ብሎ አመጣልኝ። ልጁ ሲነዳው ከርሟል። እኔ ልማዴ ነው፣ ባትሪ ከማየቴ በፊት የፊት ጎማውን በሁለት እጄ ይዤ እነቀንቃለሁ። ተነቃነቀ። ጎንበስ ብዬ ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ አየሁ። ጫፉ ላይ ያለው ዳዶ በጣቴ ዞረ። በመፍቻ አይደለም፣ በጣቴ። ዳዶው ወልቆ እንዳይወድቅ የምትይዘው ስስ ካስማ የለችም። ወልቃ ጠፍታ ይሆን ብዬ ባትሪ መብራት አብርቼ ቀዳዳውን አየሁት። የፋብሪካው ጥቁር ቀለም እንኳ አልተጫረም። ካስማዋ መጀመሪያውኑ አልገባችም። ያ ዳዶ ቢወጣ አንዱ ጎማ ግራ፣ ሌላው ቀኝ ነው የሚሄደው። ልጁ መሪውን ይዞ ምንም ማድረግ አይችልም። አባትየው ዝም ብሎ ቆሞ አየው። ባትሪው? ባትሪው ደህና ነበር፣ ቻርጅ ብቻ ነው የፈለገው።

ስለዚህ አዲስም ይሁን አሮጌ ልጁ ሳይቀመጥበት ዙሪያውን እየዞራችሁ ሁሉንም አጥብቁ። የጎማ ዳዶዎች፣ የኋላው አክሰል ጫፍ ላይ ያለው ትልቁ ዳዶ፣ የመሪው መያዣ፣ የሞተሩ ብሎኖች፣ የፍሬኑ። ሰማያዊውን የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርጉበት። ቀዩን አትግዙ፣ እሱ በእሳት ካልሆነ አይፈታም። ለአጭር ጊዜ ከተነዳ በኋላ እንደገና ዞራችሁ አጥብቁ፣ ምክንያቱም እነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ሲንቀጠቀጡ የማያላሉት ነገር የለም። ካቴናውን ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ኪሳችሁ ገብቶ ነው የምትነኩት። መሀል ላይ ስትጫኑት ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ከተጫወተ ይበቃዋል። በጣም የተወጠረ ካቴና ኩሽኔታ ይበላል።

የጎማው ነገር ለብቻው ያናድደኛል። ነዳጅ ማደያ ወስዶ እንደ መኪና 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያው ነው) የሚነፋ ሰው አለ። የእነዚህ ጎማ በአብዛኛው ከ5 አይበልጥም፣ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ከመጠን በላይ የተነፋ ፎር ዊለር ጉብታ ላይ እንደ ኳስ ይነጥራል፣ የሚገለበጠውም ያኔ ነው። የመኪናው መለኪያ ይህን ያህል ዝቅ ያለውን በደንብ ስለማያነብ ዝቅተኛ አየር የሚለካውን ግዙ። ውድ አይደለም።

ዘይት። ከፋብሪካ የመጣውን ገና በጥቂት ሰዓት ሥራ አውጡት። ሲፈስ ፀሐይ ላይ ብታዩት ያብለጨልጫል፤ የብረት ብናኝ ነው። አዲስ ሞተር እርስ በርሱ ሲፋጭ የሚወጣ ነው፣ አትደንግጡ፣ ግን እዚያው አትተዉት። አብዛኞቹ ካርቶን ፊልትሮ የላቸውም፣ ወንፊት ብቻ ነው ያላቸው። የሚይዙት ከአንድ ሊትር ያነሰ ነው። በዚያች ትንሽ ዘይት ሞተሩም፣ ማርሹም፣ ፍሪሲዮኑም ይታጠባሉ። ለዚህ ነው የሞተር ሳይክል 10ደብሊው40 የምለው። «ነዳጅ ቆጣቢ» የሚል የተጻፈበት የመኪና ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ከዚያ «ሞተሩ ይጮሃል፣ ግን አይሄድም» ብላችሁ ትመጣላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታ፣ «አልነሳ አለ»። ምንም ሳትፈቱ በፊት መሪው ላይ ያለውን ቀይ ማጥፊያ እዩ። ልጆች ይነካኩታል። ከኋላ ደግሞ አዋቂ ሲስበው ሞተሩን የሚያጠፋ ገመድ አለ፤ ጫፉ ከቦታው ከወጣ አይነሳም። ማርሹ ባዶ ላይ መሆን አለበት። የፍሬኑን እጀታም ካልያዛችሁ ብዙዎቹ አይነሱም፤ እጀታው ሥር ያለችው ትንሽ ማብሪያ ከተበላሸች ብትይዙትም አይነሳም። በዚህ ብቻ ስንቱን አስነስቼ መልሻለሁ! ቀጥሎ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አውጡና እሳት፣ ማለትም ብልጭታ መስጠቱን እዩ። ከቤንዚን ራቅ አድርጋችሁ። እዚህ አገር ብዙ ጋራዥ ውስጥ የውሃ ማሞቂያው በጋዝ ነው የሚሠራው፣ እሳቱ ሁልጊዜ አለ። እኔ ቤንዚን ያለበትን ሥራ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ቢሆንም ደጅ ነው የምሠራው።

ካንዴላው እሳት ካለው ችግሩ ዘጠና በመቶ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ነው። ይህ የኔ ግምት እንጂ የማንም ጥናት አይደለም። የአሜሪካ ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል እርጥበት ይስባል። ፎር ዊለሩ ክረምቱን ቆሞ ሲከርም ቤንዚኑ ታች ሳህኑ ውስጥ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። ውስጡ ጄት የምትባል የነሐስ ቁራጭ አለች። የሚኒሞዋ፣ ማለትም ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በዝግታ ሲሠራ ቤንዚን የምታሳልፈው፣ ቀዳዳዋ በጣም ጠባብ ናት። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ በቀዳዳዋ ስታዩ ክብ ብርሃን ካልታያችሁ ተደፍናለች። የማጽጃ ስፕሬይ ንፉባት፣ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍናችሁ። እንቢ ካለች ከመብራት ገመድ አንድ የመዳብ ክር መዝዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። መርፌ አታስገቡ፣ ቀዳዳው ከሰፋ አበቃ። ለነገሩ ሙሉ ካርቡራተሩ አዲሱ ራሱ ርካሽ ነው። የባሰ ዝገት ካለው ጊዜያችሁን አታባክኑ፣ ቀይሩት። ስትቀይሩ የቤንዚን ቱቦዎቹንም እጠፏቸውና እዩ፤ ከተሰነጠቁ አብረው ይሂዱ። ሥራው ካለቀ በኋላ ከመንዳታችሁ በፊት የጋዙን መጫኛ በአውራ ጣት ተጫኑና ልቀቁ። ቀጭ ብሎ መመለስ አለበት። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ልጁ አይነዳውም፣ ነገሩ በዚህ ያልቃል።

ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚያስቸግር ከሆነ የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ ማየት ነው። ሰው ይፈራዋል፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከሲሊንደሩ ጫፍ ላይና ታች ሁለት ክዳኖች አሉ። ሞተሩ ቀዝቅዞ በቫልቩና በሚገፋው ክንድ መካከል ያለው ክፍተት በአብዛኞቹ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ መመሪያው ሌላ ካለ እሱን ያዙ። የምንለካው ፊለር ጌጅ በሚባለው ስስ የብረት ቅጠል ነው። ምን ያህል ስስ እንደሆነ ለማወቅ ይህን ጋዜጣ በጣታችሁ ያዙት፤ ወረቀቱ ከዚያ ይወፍራል። ቅጠሉ ጨርሶ ካልገባ ቫልቩ አይዘጋም፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ያመልጣል። ስንቱ በዚህ ምክንያት «ሞተሩ ሞቷል» ተብሎ ተጥሏል።

መለዋወጫ አይገኝም የሚለውንም አልቀበልም። የእነዚህ ሞተር አባት ሆንዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣው ሱፐር ከብ የጀመረው ሲሊንደሩን ወደ ፊት ያስተኛ የሞተር ዘር ነው። ያ ሞተር ሳይክል እስከ 2017 ከ100 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል። የቻይና ፋብሪካዎች እሱን መሰል ሲያመርቱ ኖረዋል። ስለዚህ ዕቃው ሞልቷል። ግን በሞዴል ስም አትዘዙ፣ ስሙ በየዓመቱ ይለወጣል። ለካርቡራተሩ የአፉን ስፋት ለኩ፤ ለካቴናው ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡና ዓይኖቹን ቁጠሩ። የኤሌክትሪክ ዕቃውን የሶኬቱን እግሮች ቆጥራችሁ፣ ፎቶ አንሥታችሁ አመሳስሉ። ባትሪውንም ከመውቀሳችሁ በፊት ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ በቮልት መለኪያ እዩት። 14 አካባቢ ካላሳየ ቻርጅ የሚያደርገው ክፍል ነው የታመመው። አዲስ ባትሪ ብትገዙ ያም ይሞታል።

ልጄ ነርስ ናት፤ ይህን ስጽፍ ከጀርባዬ ቆማ «አባዬ፣ ዕድሜውን ጻፍ» አለችኝ። እውነቷን ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጭራሽ እንዳይነዳ ነው የሚመክረው። እኔና አማቼ ይህን ሰምተን ገዝተናል፤ በዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር አሁንም አልተስማማንም። የተስማማነው ራስ ቁር፣ ረጅም ሱሪ፣ ጓንት፣ ከአስፋልት ውጪ፣ ከኋላው ማንም ሳይፈናጠጥ፣ አዋቂ በሌለበት በፍጹም በሚለው ነው። ከዚህ በፊት የነበረው ባለ ሦስት ጎማውም እ.ኤ.አ. በ1988 ከገበያ የወጣው ስንቱን ልጅ ከጎዳ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2008ቱ የአሜሪካ ሕግ ወዲህ ደግሞ ማንኛውም አዲስ የልጆች ፎር ዊለር ለስንት ዓመት ልጅ እንደሆነ የሚገልጽ መለያ ሊኖረው ይገባል፤ 6፣ 10፣ 12 ወይም 14 እና ከዚያ በላይ። የ6 ዓመቱ በመጀመሪያ በሰዓት 10 ማይል ላይ፣ የ10 ዓመቱ 15 ማይል ላይ ተገድቦ ነው መምጣት ያለበት። ገደቡ የጋዙ መጫኛ ላይ ያለች ትንሽ ብሎን ናት። ልጅ ሲያለቅስ አባት ካቻቢቴ ያነሣል። እኔ ዘንድ መጥቶ «ጋሼ፣ ፍጥነቱን ልቀቅልኝ» የሚል አለ። ይህን አልሠራም፤ በገንዘብም፣ በቡናም።

ወደ እናንተ ልመለስ። ገጻችሁ ላይ «ለማንኛውም ዕድሜ» የሚል የፎር ዊለር ማስታወቂያ አንብቤያለሁ። እንደዚያ የሚባል ፎር ዊለር የለም። ለማስታወቂያው ገንዘብ ስትቀበሉ ሻጩን አራት ነገር ጠይቁልን፦ ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው፣ የዕድሜ መለያው ስንት ይላል፣ ፍሬኑ ይይዛል ወይ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተነሣው መቼ ነው። ሁሉም ተጽፎ ከሁለት መስመር አያልፍም። ቦታ ጠበበን ካላችሁ «በጣም ንጹህ» የሚለውን አውጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛው ሜካኒክ፣ ከጋርላንድ፣ ቴክሳስ